ጥያቄና መልስ፦ ለሥዕል የሚከፈት ነጻ ምሽት በጎንደር

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። በኒው ዮርክ የአንዲት ጥቁር ሠዓሊ ሥራዎች በነጻ ምሽት ለሕዝብ መታየታቸውን የሰሙ አንባቢዎች «በጎንደርስ እንዴት ይደረጋል?» ይላሉ። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል። መልሱን ግን ማሳጠር አልፈለግንም። የአሜሪካና የአውሮፓ ክንውኖች ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

*«ኤሚ ሸራልድ የምትባል ሠዓሊ ጥቁር ሰዎችን እየሳለች ቆዳቸውን ግራጫ ታደርገዋለች። ይህ ጥቁርነታቸውን መደበቅ አይሆንም? የነጻ ምሽቱ ነገርስ እንዴት ነው?» አንድ መምህር፣ ከማራኪ*

ጥያቄው በአገሯም ደጋግሞ ተነሥቷል። ኤሚ ሸራልድ በ1973 በጆርጂያ ግዛት፣ ኮለምበስ ከተማ ተወለደች። በ2016 የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የፖርትሬት (የሰው ምስል) ጋለሪ የሚያዘጋጀውን ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2018 ደግሞ የሚሼል ኦባማ ምስል እዚያው ጋለሪ ሲመረቅ ስሟ ከሥዕል ሰዎች አልፎ ሁሉም ቤት ገባ። በዚያው ቀን የባራክ ኦባማ ምስልም ተመርቋል። እሱን የሳለው ኬሂንዴ ዋይሊ ነው። ይህ ሠዓሊ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ በ2023 ፓሪስ በሚገኘው ኬ ብራንሊ ሙዚየም ካሳያቸው የአፍሪካ መሪዎች ምስሎች መካከል የያኔዋ ፕሬዚዳንታችን የሣህለወርቅ ዘውዴ ምስል ነበረበት።

ወደ ግራጫው እንመለስ። ሸራልድ የቆዳውን ቀለም የምታገኘው ጥቁርን ኔፕልስ ቢጫ ከሚባለው ፈዛዛ ቢጫ ጋር በመቀላቀል ነው። ስለዚህ ቀርበው ሲያዩት የሲሚንቶ ግራጫ አይደለም፤ ከሥሩ ሙቀት አለው። ሐሳቡን ያገኘችው ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ራሳቸው በመረጡት ልብስና አቋም ከተነሷቸው የድሮ የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ነው። እኛም በአያቶቻችን ሳሎን እንዲህ ያለ ፎቶ ተሰቅሎ አይተናል፤ ካባ የደረበ ሰው፣ ፊቱ ግራጫ፣ ዓይኑ ቀጥ ብሎ የሚያይ። «አያቴ ለምን ግራጫ ሆኑ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ የለም። ሸራልድ የፈለገችው ያንን አተያይ ነው፤ ተመልካቹ ከቀለሙ በፊት ሰውየውን እንዲያገኘው። ልብሱንና ከበስተጀርባ ያለውን ግን በደማቅ፣ ባልተደባለቀ ቀለም ትሞላዋለች። ስለዚህ ግራጫው ፊት በዚያ ሁሉ ቀለም መካከል ይጎላል እንጂ አይደበቅም።

የነጻ ምሽቱ ደግሞ እንዲህ ነው። በኒው ዮርክ የሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ዘወትር ዓርብ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በሩን ያለ ክፍያ ይከፍታል። ወደ 50 የሚጠጉ የሸራልድ ሥዕሎች ከኤፕሪል 9 እስከ ኦገስት 10 ቀን 2025 በዚያ ታይተዋል። የቲኬት ዋጋ የሚከብደውና ቀን ሥራ ላይ የሚውለው ሰው የገባው በእነዚያ ዓርቦች ነው።

*«በእኛ አገር ሥዕል ማለት ቅዱሳን ናቸው። የሰው ምስል መሳል የውጭ ልማድ አይደለም ወይ?» ከቁስቋም*

አይደለም። ከደጃፍዎ ልጀምር። የቁስቋምን ግቢ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ፣ በጣና ደቅ ደሴት ባለው በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች አሠሪውን በልብሱ፣ በጌጡና በፀጉር አሠራሩ ለይተው ከታች ማስገባት ያውቁበት ነበር። በምንትዋብ ዘመን የተስፋፋው ሁለተኛው የጎንደር አሳሳል ደግሞ ፊትን በጠፍጣፋ ቀለም መሙላት ትቶ ጉንጭና አንገትን በጥላ ማክበብ ጀመረ። ከዚያ በፊት የነበረው አሳሳል ቀለሙ ደማቅ፣ መስመሩ ጥርት ያለ፣ ጥላው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱን ለማነጻጸር አንገትን ብቻ ይመልከቱ፤ ቶሎ ይለያሉ።

ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉው በአንድ ዓይን በጎን የሚለው ወግም ፊትን እንዴት እንደምናነብ ያሳያል። ጥቁር አሜሪካዊው ሠዓሊ ባርክሊ ሄንድሪክስ (ከ1945 እስከ 2017) በ1969 የአንዲት ዘመዱን ምስል ሲስል ከኋላዋ ያለውን ሁሉ በወርቅ ቅጠል ሸፍኖታል፤ የሸራውን አናትም እንደ ቅስት አጥፎታል። ጎፈሬዋ በወርቁ ላይ ራሱ እንደ አክሊል ይታያል። ያንን ሥዕል ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ክንፋም ፊቶች ጋር በልቡናዎ ጎን ለጎን ቢያኖሩት አይጣሉም።

*«ወጣቶች ነን። የሁለት ሠዓሊዎችን 14 የሰው ምስሎች በአንድ ምሽት በነጻ ማሳየት እንፈልጋለን። የተፈቀደልን አዳራሽ 8 በ12 ሜትር ነው። ከየት እንጀምር?» ከጃን ተከል አካባቢ*

ከግድግዳው ርዝመት ጀምሩ። የአዳራሹ ዙሪያ 40 ሜትር ነው። አንድ ሥዕል በአማካይ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ 14ቱ 11 ሜትር ከ20 ይሆናሉ። በመካከላቸውና በዳርና ዳር 1 ሜትር 1 ሜትር ስትተዉ 15 ሜትር ይጨመራል። ጠቅላላው 26 ሜትር ግድም ነው። በርና መስኮቱን ቀንሳችሁ ይህ ካልተረፋችሁ ሥዕል ቀንሱ እንጂ ክፍተቱን አታጥብቡ። የሰው ምስል ከሌላ የሰው ምስል ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲጋፋ ተመልካቹ ማንንም አያይም፤ ሠልፍ ነው የሚያየው።

ግድግዳው የድንጋይና የኖራ ከሆነ፣ በተለይም ቤቱ ቅርስ ከሆነ፣ ሚስማር እንዳታስገቡ። በቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ መንካት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። አንድ ቀዳዳም ለዘመናት የቆየውን ምርጊት ይዞ ይወርዳል። በምትኩ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔርሳቶ አቁማችሁ፣ ሦስት ሦስቱን በማጠፊያ አያይዛችሁ እንደ አኮርዲዮን በዚግዛግ አቁሙት። ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ኮምፔርሳቶ ሰው ሲደገፈው ይወድቃል፤ የታጠፈው ግን ራሱን ይሸከማል። ከግርጌው ከኋላ በኩል 10 ኪሎ ግድም አሸዋ በማዳበሪያ አድርጋችሁ ጫኑበት።

አሰቃቀሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሥዕሉን አናት በአንድ ቁመት ሲያሰልፍ ነው። መሰለፍ ያለበት መካከሉ ነው። የእያንዳንዱ ሥዕል መካከል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን፤ ተማሪዎች ከበዙ 145። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ150 ላይ የሥዕሉን ቁመት ግማሽ ደምሩ፣ ከዚያ ከሥዕሉ አናት እስከ ተወጠረው ሽቦ ያለውን ቀንሱ። 100 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሥዕል ሽቦው ሲወጠር ከአናቱ 12 ዝቅ ቢል፣ ማንጠልጠያው 188 ላይ ይመታል። ማንጠልጠያውን ሁለት አድርጉት፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት። በአንድ ሚስማር የተሰቀለ ሥዕል ሰው በሩን በገፋ ቁጥር ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ፊት ደግሞ የሰከረ ይመስላል። ውኃ ልክ ከሌላችሁ ከግማሽ በላይ ውኃ ያለበት ግልጽ ጠርሙስ አግድማችሁ ፍሬሙ ላይ አስተኙት።

ሰዓቱን ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አድርጉት። በጎንደር ፀሐይ 12 ሰዓት ግድም ስለምትጠልቅ የመጀመሪያው ሰዓት ገና የቀን ብርሃን አለው። ችግሩም እዚያው ነው፤ ዝቅ ያለችው ፀሐይ በምዕራብ መስኮት ገብታ በቀጥታ ከሥዕል ላይ ታርፋለች። ያንን መስኮት በድርብ አቡጀዲ ሸፍኑት። ወሩን ከኅዳር እስከ የካቲት ብትመርጡ ዝናብም ጭቃም አይኖርም። የጥምቀትን ሳምንት ግን ዝለሉት፤ በዚያ ሳምንት ለእንግዳ መኪናም ባጃጅም አይገኝም። ለቀበሌውና ለፖሊስ ሰዓቱን የሚጠቅስ ደብዳቤ ቀድማችሁ አስገቡ። ሰው በጊዜ ቤቱ እንዲደርስ የመዝጊያውን ሰዓት አታራዝሙ።

ነጻ ነው ማለት ቁጥር የለውም ማለት አይደለም። 96 ካሬ ሜትሩ ጠረጴዛና መቆሚያ ሲቀነስለት 80 ይሆናል። ለአንድ ተመልካች 2 ሜትር ተኩል ካሬ ብትሰጡ በአንድ ጊዜ 30 ሰው ያለ ግፊያ ያያል። እያንዳንዱ 25 ደቂቃ ቢቆይ በሁለት ሰዓት ተኩል ስድስት ዙር፣ 180 ሰው ይስተናገዳል። በር ላይ ስድስት ዓይነት ቀለም ያለው ወረቀት ቆርጣችሁ ስጡ፤ የቢጫው ተራ ሲደርስ የቀዩ ይወጣል። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያዎቹ 60 ሰዎች ገብተው ይቀመጣሉ፣ የቀረው በር ላይ ቆሞ ይመለሳል። ተስፋ ቆርጦ የተመለሰ ሰው በሚቀጥለው አይመጣም።

የመክፈቻ ንግግር ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ሰው፣ በአምስት ደቂቃ ይለቅ። ይህን አጥብቀን እንላለን፤ ብዙ ምሽት የተበላሸው ሥዕሉ እየጠበቀ አራት ሰው በየተራ ምስጋና ሲያቀርብ ነው። ስድስት አስተናጋጅ ይበቃል፦ ሁለት በር ላይ፣ ሁለት አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ መብራቱን የሚጠብቅ፣ አንድ የሚያስረዳ። ወለሉ ላይ ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ፕላስተር ለጥፉ፤ ሰው መስመር ካየ ሳይነገረው ይቆማል። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ በር ላይ ወደ ደረት ይዙር፤ ሸራ የሚቀደደው በእጅ ሳይሆን ዞር ሲባል በቦርሳ ነው።

የተሣሉትን ሰዎች ጥሩ። ስማቸው እንዲጻፍ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። የራሱ ምስል አጠገብ የቆመ ሰው ዙሪያውን በደቂቃ ስለሚከበብ የእነሱን ምስል በር አጠገብ አትስቀሉ፤ መግቢያው ይዘጋል። መግለጫ ጽሑፉን በ24 ነጥብ የፊደል መጠን አትሙት። ፊደላችን በደቃቁ ሲታተም «ስ»ና «ሰ» በምሽት መብራት አይለዩም።

*«ባለፈው ዓመት በአንድ አዳራሽ የሰው ምስሎች አቅርበን ነበር። ነጫጩ ልብስ ያበራል፣ ፊቱ ግን ጥላ ሆኖ ቀረ። ትልልቆቹ ላይ ደግሞ የአምፖሉ ነጸብራቅ ብቻ ይታይ ነበር። ምን አጠፋን?» የዝግጅት አስተባባሪ፣ ከፒያሳ*

ከሁሉም ደብዳቤ ይህን ወደድነው፤ የጠይምና የጥቁር ፊት ምሽት የሚድነውም የሚበላሸውም በመብራቱ ነውና። ሦስት ነገር ሳይበላሽ አይቀርም፦ ግድግዳው፣ የአምፖሉ ቦታና የአምፖሉ ዓይነት።

ግድግዳው ነጭ ከነበረ ዓይን ራሱን በነጩ ያስተካክላል። ብሌን ትጠባለች፣ ጠቆር ያለው ሁሉ ይጨልማል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው መስኮትን ተደግፎ ሲቆም ፊቱ እንደማይታይ ዓይነት ነው። ከሥዕሎቹ ጀርባ መካከለኛ ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ የሸክላ ቀለም ይሁን። ግድግዳ መቀባት ካልተቻለ ኮምፔርሳቶውን ቀቡት፤ አብረቅራቂ ያልሆነ ቀለም ምረጡ።

የአምፖሉን ቦታ በሜትር ለኩት። ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ከሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ሥዕሉ መካከል ላይ ይረፍ። ይህን ለማግኘት ከአምፖሉ ቁመት 150 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ፤ የቀረውን በ0.58 አባዙት። አምፖሉ 3 ሜትር ከ20 ላይ ከሆነ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል። 2 ሜትር ከ80 ላይ ከሆነ 75 ሴንቲ ሜትር። 4 ሜትር ላይ ከሆነ 1 ሜትር ከ45።

ነጸብራቁ የመጣው አምፖሉ ከዚህ ስለራቀ ነው። 3 ሜትር ከ20 ላይ ያለን አምፖል ከግድግዳው 2 ሜትር አራቁት እንበል። የዓይኑ ቁመት 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው ከሥዕሉ 2 ሜትር ርቆ ሲቆም ብርሃኑ ግድግዳው ላይ 2 ሜትር ከ40 ከፍታ ላይ ተንጸባርቆ ወደ ዓይኑ ይመጣል። የአንድ ትልቅ ሥዕል አናት የሚያርፈው እዚያው ነው፤ የተሣለው ሰው ግንባርም ከዚያ ብዙ አይርቅም። አምፖሉን ወደ 1 ሜትር ስታቀርቡት ነጸብራቁ ወደ 2 ሜትር ከ67 ይወጣና ከሥዕሉ ውጪ ይሆናል። ከ1 ሜትር በታች ስታቀርቡት ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ የፍሬሙ ጥላ በሥዕሉ አናት ላይ ይወድቃል፣ የሸራው እብጠትና የቡሩሹ ጉድጓድ ሁሉ ይነሣል። በጥቁር ቀለም ላይ ይህ የበለጠ ይጎላል፤ ጥቁሩ መስተዋት ነው፣ የበራውን ሁሉ ይመልሳል።

የአምፖሉን ዓይነት ከካርቶኑ ላይ አንብቡ። 3000 ኬልቪን የሚል ሞቅ ያለ ብርሃን ይሁን። የቀለም ታማኝነቱ (ሲ.አር.አይ የሚለው ቁጥር) 90 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ርካሽ አምፖል 80 ላይ ይቀራል፤ የሚያጎድለውም በተለይ ቀዩን ነው። የጠይም ቆዳ ሕይወት ያለው ደግሞ በቀዩ ውስጥ ነው፤ ቀይ ሲጎድል ቡናማው ፊት ወደ አመድነት ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ መሣሪያ ሳይዙ መፈተን ይቻላል። አንድ ማንኪያ በርበሬና ጥቂት የተቆላ ቡና በነጭ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። በአምፖሉ ሥር በርበሬው የጡብ ቀለም ከሆነ፣ ቡናውና የእጃችሁ ጀርባ ተመሳስለው ከደበዘዙ፣ ያንን አምፖል አትግዙት።

የብርሃኑ መጠን ለዘይትና ለአክሪሊክ ቀለም ከ150 እስከ 200 ሉክስ ይበቃል። በወረቀት ላይ ለተሠራ፣ ለውኃ ቀለምና ለእርሳስ 50 ሉክስ። የስልክ መለኪያ በትክክል ባይናገርም ሁለት ሥዕሎችን ለማመሳሰል ይጠቅማል። የአዳራሹን የጣሪያ መብራት ግን አጥፉት ወይም በግማሽ ቀንሱት። ሥዕሉ ላይ 200 እያለ ወለሉ ላይም 200 ከሆነ ምንም አልተደረገም።

መብራት ሲጠፋስ? 20 አምፖል በ9 ዋት 180 ዋት ነው። 12 ቮልትና 100 አምፒር ሰዓት የሆነ አንድ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ፣ ኢንቨርተሩ የሚበላውን ቀንሳችሁ፣ ሁለት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ግድም ያስኬዳችኋል፤ ምሽቱን ሙሉ ማለት ነው። ጄኔሬተር ከሆነ ከመስኮት ርቆ ሜዳ ላይ ይቁም። ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት፤ በረንዳ ላይ አይቀመጥም። ሻማ በአዳራሹ ውስጥ በምንም ምክንያት አይብራ።

*«የሸራልድን ሥዕሎች ከኢንተርኔት አውርደን አሳትመን ብንሰቅልስ?» ከዚያው ከጃን ተከል*

አይሆንም። ሠዓሊዋ በሕይወት ያለች ናት። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ለሕዝብ ለመስቀል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ነጻ ምሽት መሆኑም ከዚህ ነጻ አያወጣም። ሌላም እንቅፋት አለ። የሚሼል ኦባማ ምስል 183 በ153 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ያንን በመጠኑ ጥርት አድርጎ ለማተም በቁመቱ ብቻ 10,800 የምስል ነጥብ (ፒክስል) ገደማ ያስፈልጋል። ስልክ ላይ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያንሳል።

ይህን ግን አድርጉ፤ ምንም አያስወጣም። በባዶ ግድግዳ ላይ በወረቀት ፕላስተር 183 በ153 የሆነ አራት ማዕዘን ለጥፉ፣ መካከሉ 150 ላይ። ውስጡ ባዶ ይሁን። ከጎኑ ስለ ሥዕሉ አምስት መስመር ጻፉ፦ ማን እንደሳለችው፣ መቼ፣ በምን፣ ቀሚሱ ላይ ስላለው ቅርጽ፣ ስለ ግራጫው ቆዳ። ሰው እዚያ ባዶ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፣ በእጁ ይለካል። የሥዕልን ግዝፈት በስልክ ያየ ሰው የማያገኘውን በዚያ ያገኘዋል። ከዚያ ዞር ብሎ የእናንተን ሠዓሊዎች ሥራ ያያል።

*«የጠይምና የጥቁር ሰው ፊት ስስል ሲደርቅ ይደበዝዛል፣ የሚያበራው ቦታ ደግሞ ኖራ ይመስላል። በዘይት ቀለም ነው የምሠራው።» ወጣት ሠዓሊ፣ ከአዘዞ*

ወንድማችን፣ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ኖራ መምሰሉ ከነጭ ነው። ታይታኒየም ነጭ ቡናማን ሲነካው ያበራዋል ብቻ ሳይሆን ያቀዘቅዘዋል። ፊቱን ማብራት ስትፈልግ መጀመሪያ ወደ የሎ ኦከር (የአፈር ቢጫ) ሂድ፣ ነጩን በመጨረሻ በቡሩሽ ጫፍ ብቻ ጨምር። ጥቁሩንም ቱቦ ከጠረጴዛህ አንሣው። ለጨለማው ቦታ 2 እጅ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) እና 1 እጅ አልትራማሪን ሰማያዊ ቀላቅል፤ ከጥቁሩ ቱቦ የጠለቀ ጨለማ ይሰጥሃል፣ ሞቅም ቀዝቀዝም ልታደርገው ትችላለህ። ለመካከለኛው 3 እጅ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ 1 እጅ አልትራማሪን፣ 1 እጅ ኦከር ጥሩ መነሻ ነው። ጆሮ፣ የአፍንጫ ጫፍና የጣት መገጣጠሚያ ላይ ትንሽ ቀይ ጨምርበት።

የጥቁር ቆዳ ብልጭታ ከሌላው ቆዳ አይበልጥም። ከሥሩ ያለው ስለሚጠቁር ግን ጎልቶ፣ ጠርቶ ይታያል። ቀለሙም የቆዳው ቀለም አይደለም፤ የብርሃኑ ነው። ሰውየው መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ ግንባሩ ላይ ያለው ነጥብ የሰማይ ሰማያዊ አለበት፤ አምፖል ሥር ከሆነ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ትንሽ አድርገህ መጨረሻ ላይ አኑረው።

መደብዘዙ ደግሞ ዘይቱ ወደ ታች በመጠጣቱ ነው። አቡጀዲ የምትወጥር ከሆነ በአንድ ዙር ቅብ አይበቃውም። ሦስት ወይም አራት ዙር የአክሪሊክ መሠረት ቀባው፣ በየዙሩ አድርቀው፣ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ እሸው። የደበዘዘውን ሥዕል ለማዳን ቀለሙ ሲነካ የማይለቅ መሆኑን አረጋግጥ፤ ከዚያ የተጣራ የሠዓሊ ተልባ ዘይት በጣም በስሱ በጨርቅ አዳርስና ወዲያው ጥረገው። ከገበያ የሚገዛው የምግብ ተልባ ዘይት አይሆንም፤ ያልተጣራ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም፣ ይበልጥም ቢጫ ይሆናል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምቀህ ጥግ ላይ አትጣለው። ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫልና ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ውኃ ባለበት ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ። የመጨረሻውን ቫርኒሽ ቢያንስ ስድስት ወር ጠብቀህ ቀባ።

*«ቡና ብናፈላ ምን ይመስላችኋል?» እናቶች፣ ከቀሐ*

ይፈላ፣ ግን ግቢ ውስጥ። የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ቅባት አለው፤ ገና ባልደረቀ የዘይት ቀለም ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቡናው ከበሩ አሥር እርምጃ ርቆ ነፋሱ ጭሱን ወደ አዳራሹ በማይነዳበት በኩል ይሁን። ፈንዲሻም ሲኒም ከደጃፉ አይለፍ። ተራቸውን የሚጠብቁት እዚያ ቢቀመጡ ሠልፉ ራሱ ጨዋታ ይሆናል።

*«በስልክ ሳነሣ ወይ ሥዕሉ ይጨልማል ወይ አመድ ይመስላል።» ከአራዳ*

ስልክ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ነጭ ግድግዳ ከበዛበት ያጨልመዋል፣ የጥቁር ፊት ሥዕል ብቻ ከሞላው አመድ ያስመስለዋል። ስክሪኑ ላይ የተሣለውን ፊት በጣትዎ ይንኩት፤ የምትወጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየገፉ ያስተካክሉ። ፍላሽ ይጥፋ፤ ቫርኒሹ ላይ ነጭ ክብ ከመተው በቀር አይረዳም፣ የሌላውንም ሰው ዓይን ያውካል። ሰው ከሥዕሉ አጠገብ ቆሞ ከሆነ ግን የሕያውን ሰው ፊት ይንኩ።

*«ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ብወስዳት ትሰለች ይሆን?» እናት፣ ከማራኪ*

14ቱን ሥዕሎች ሊያሳዩአት አይሞክሩ፤ ሦስት ይምረጡ። በእያንዳንዱ ፊት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ወዴት ነው የሚያየው? እጁ ምን እያደረገ ነው? ይህን ልብስ የት የሚሄድ ሰው ይለብሳል? ወረቀትና እርሳስ ይስጧት፤ ስክሪብቶ ግን በር ላይ ይቅር፣ ቀለሙ ሸራ ከነካ አይለቅም። ከዚያ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው በእሷ ቁመት ይመልከቱ። የእሷ ዓይን 1 ሜትር ከ10 ላይ ስለሆነ፣ ለእርስዎ ከሥዕሉ አናት በላይ የቀረው ነጸብራቅ ለእሷ ወርዶ የተሣለው ሰው ፊት ላይ ሊያርፍ ይችላል። እንዲያ ከሆነ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ያምጧት፤ መብራቱን ለሚጠብቀው ልጅም አምፖሉን ወደ ግድግዳው አንድ ስንዝር እንዲያቀርበው ይንገሩት።